ለክቡር አቶ «ሊጨምር ነው አሉ»

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳናስበው ስለሚያስገዙን ዘይት

ክቡር ሆይ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎት እናውቃለን። ማታ ታክሲ ውስጥ ነበሩ፤ ጠዋት ደግሞ በቴሌግራም ቀድመውን ተነሥተዋል።

ትምህርት ቤት በደንብ አላስተዋወቁንም። ዋጋ ሲወደድ የሚገዛው መጠን ይቀንሳል፣ ሲረክስ ይጨምራል ተባልን። ዋጋው ሳይነካ ፍላጎትን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ደግሞ ገቢ፣ የገዢ ብዛት፣ ምርጫ፣ የሌሎች ዕቃዎች ዋጋ ናቸው ተባለ። እነሱስ ጨዋ ናቸው፤ የሚመጡበት ቀን ይታወቃል። በሁዳዴ 55 ቀን ልኳንዳ ቤቱ ጭር ይላል። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ይፈለጋል፣ ሽንኩርቱም አብሮ ይፈለጋል። ከዝርዝሩ ግርጌ «የወደፊት ዋጋ ግምት» የምትል መስመር ነበረች። መምህሩ እሷ ላይ ሲደርሱ ደወል ተደወለ። ለካ እርስዎ ነበሩ!

አሁን ሥራዎን እንይ። የዘይት ዋጋ ያው ነው። ደመወዛችንም ያው፣ ወጡም ያው። እርስዎ ብቻ «ከሰኞ ጀምሮ» ይላሉ። ሁልጊዜ አንድ ሊትር የምትገዛው ጎረቤቴ ባለ 5 ሊትሩን ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ትገባለች። አንዱ አልጋ ሥር፣ አንዱ ቡፌ ጀርባ። ብሩ የዕቁብ ነበር። ባለሱቁም ወሬዎ ደርሶታል። «ዘይት አለ?» ስንለው «አልቋል» ይላል፤ የጀሪካኑ እጀታ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጀርባ ብቅ ብሎ እያየን። ገዢው በዛ፣ ሻጩ ደበቀ፣ ሰኞ ጨመረ። እርስዎም «አላልኩም?» ብለው ደረትዎን ይነፋሉ።

ሐቁን ለመናገር አንዳንዴ አይዋሹም። ጣጣውም እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። ያኔማ ሠርግዎ ነበር። በድሮው ዶላር የገባ ዕቃ እዚያው መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ዋጋው ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ማን ደፍሮ «ወሬ ነው» ይበልዎት?

አንድ ነገር ግን ይከነክነናል። ወንድምዎ «ሊቀንስ ነው አሉ» የት ገባ? እሱ ብቅ ቢል እኮ «ሰኞ እንገዛለን» ብለን እጃችንን እንሰበስባለን። ባለሱቁም ዕቃው እንዳይከስርበት ራሱ ጠርቶ ይሸጥልናል። ምናልባት እርስዎ ቤት ውስጥ ቆልፈውበት ይሆን?

ስለዚህ የዓመት ፈቃድዎን ከእንቁጣጣሽ በፊት እንዲወስዱ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የሰፈሩ ሸማቾች

ግልባጭ፦ ለባለሱቃችን

ማሳሰቢያ፦ ስለ ጤፍ የጀመሩትን ወሬ ቢያንስ ደመወዝ እስኪወጣ ያቆዩልን።