ሻማው ማን ነበር?

ስድስት ዓመት ሙሉ ተኝቶ የከረመው የማስተርስ ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ትናንት ማታ ድንገት ነቃ። ለካ መምህራችን ጡረታ ሊወጡ ነው። ካባ ይገዛል፣ በነፍስ ወከፍ 500 ብር በቴሌብር ይላካል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ሁለት ሁለት መስመር ምስጋና ይጽፋል ተባለ። ይሁን። ብሩን ላክሁ። ምስጋናውን ከመጻፌ በፊት የቀደሙኝን ላንብብ ብል «እንደ ሻማ ቀልጠው ብርሃን ለሆኑልን...» ይላል። ቀጣዩም «እንደ ሻማ እየቀለጡ...»። አስራ አንድ ሰው ጽፏል። ዘጠኙ ሻማ። መብራት የጠፋበት ሰፈር ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ቆይ፣ እሳቸው መቼ ነው የቀለጡት? የቀለጥነው እኛ ነን እንጂ! ሴሚናር ያቀረበ ሁሉ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር የሚወጣው። ዛሬ ሻማ የሚያበራው ሰብሳቢያችን ራሱ፣ ያኔ ኮሪደር ላይ ምን ይላቸው እንደነበር እዚህ አይጻፍም።

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ስወደው! እናቴ ለሰው ብቻ አይደለም የምትጠቀምበት። አክስቴ የተሰበረ ጀበናዋን እያነሳች «እሱ ላይ የፈላ ቡና እኮ...» ስትል፣ እናቴ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ያንጠባጥብ እንደነበር ታውቃለችና፣ ስኒዋን ሳታስቀምጥ ተረቷን ጣል ታደርጋለች። አክስቴ ታኮርፋለች። የማስተርስ ኮርስም እንደዚያ ጀበና ነው። ካለፈ በኋላ ይጣፍጣል።

ደግሞ ጥብቅ መምህር ዛሬ የተፈጠረ ይመስል! ቅኔ ቤት የዋለ ይጠየቅ። ዋሸራ ይሁን ጎንጅ፣ የቆሎ ተማሪው ቀን ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ባገኛት ቁራሽ ውሎ፣ ጥግ ይዞ ጉባኤ ቃና የምትባለዋን አጭር ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ሄዶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ዝም ብለው ይሰሙና አንዲት ቃል መዝዘው ቤቱን ይንዱበታል። ስሜቱን ጎዱት የሚል የለም። ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚባለው ረጅሙ ቅኔ ላይ የሚደረሰው እንዲህ እየተናደ ነው።

የኛው የኔታ የሚንዱት በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነበር። «ቀይ ያስደነግጣችኋል ብዬ ነው» ይላሉ። እስከ ዛሬ ትራፊክ መብራት ላይ አረንጓዴ ሲበራ ልቤ ድንግጥ ይላል። የመጀመሪያ ምዕራፌ 24 ገጽ ነበር። ሲመለስልኝ ገጽ 3 ላይ «እዚህ ጋ ማንበብ አቆምኩ። አንተም ያቆምክ ይመስለኛል» ይላል። ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት።

ሁለተኛው ረቂቅ ላይ አንድ እውቅ ፈረንጅ ጠቀስኩ። ጥቅሱን ያነሳሁት ከሌላ ሰው ቴሲስ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

«መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

«አዎ ዶክተር።»

«ወፍራም ነው ቀጭን?»

ዝም። መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው መጽሐፉን አወጡት። በጣም ወፍራም ነው። «ሐሙስ ትመልሳለህ» አሉኝ፣ ሌላ ቃል የለም።

ማታ ስገልጠው ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። «ማስረጃ?» «ቅድም ሌላ ብለህ አልነበር?» «ተቻኮልክ።» ፈረንጁንም አልማሩትም! ዓለም የሚሰግድለት ሰው ልክ እንደኔ ነው የተቀጣው። ያን ሌሊት ሳልተኛ አነጋሁ። ገጽ 112 ላይ እኔም በእርሳስ አንዲት ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ሐሙስ መለስኩላቸው። አይተዋት ይሁን እንጃ፣ ምንም አላሉም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም አለኝ፣ ካላወጣሁት ያንቀኛል። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ «ለማስተርስ ተማሪዎች ጥናት እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ይለጠፍ ነበር። ማማከር ማለት መጻፍ ነው፣ ሁሉም ያውቃል። አንዱ የክፍላችን ልጅ እዚያ አጽፎ፣ ገልጠው እንኳ ሳያዩት «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብለው የሚፈርሙ አድቫይዘር ደርሰውት፣ ከኔ የበለጠ ግሬድ ይዞ ወጣ። አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት ጥናት ክፍል ኃላፊ ነው። የሱ ጥናት እየተባለ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ በጀት ይመደብበታል፣ ሰው ይቀጠርበታል፣ እሱ ግን የራሱን ቴሲስ ርዕስ ሳያይ አይነግራችሁም። እኒያንም መምህር እኮ «ደግ ናቸው» ነው የምንላቸው። ሳያነቡ መፈረም ምኑ ነው ደግነቱ? ስንፍና ነው! ይሄኔ ለሳቸውም ካባ ተገዝቶ፣ ሻማ በርቶላቸው ይሆናል።

ምን ነበር የማወራው? አዎ፣ ምስጋናው። ይህን ሁሉ ስብሰለሰል ሰብሳቢው «እስከ 4 ሰዓት ያልጻፋችሁ» ብሎ በስሜ ጠራኝ። ቸኩዬ አንድ መስመር ላክሁ፦ «ዶክተር፣ ገጽ 3ን አስተካክያለሁ።»

ደቂቃ ሳይሞላ ሰብሳቢው በውስጥ መስመር መጣ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ደረቀ እኮ። ሻማ ምናምን ብትጨምርበት?»