የቁንጥሩን ልክ ማን ይንገረን?

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ አሥር ዓመት ሞላት። የጠየቀችኝ ኬክ ሳይሆን ቸኮሌት ሙስ፣ ማለትም በተመታ እንቁላልና ክሬም አረፋ የሚሠራው ቀዝቃዛ ጣፋጭ ነበር፤ እሱም ተራው ሳይሆን በትምህርት ቤት ቀምሳው የወደደችው፣ አውስትራሊያውያን ዋትል የሚሉት ቢጫ አበባ ያለው የግራር ዘመድ ፍሬ ተቆልቶና ተፈጭቶ የገባበት እንዲሆንላት ፈለገች። የምንኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬ አካባቢ ስለሆነ ፍሬውን መግዛት አልቸገረኝም። የቸገረኝ የገዛሁትን በምን ያህል ልክ፣ በምን ዓይነት አሠራር እንደምጠቀምበት የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ ነው። ሙስ እንቁላልና ክሬም የሚገባበት ስለሆነ በጾሙ ሳምንታት ሠርቼ እየቀመስኩ ልለማመድ አልችልም ነበር። ስለዚህ በልደቷ ዋዜማ ማታ፣ በእሽጉ ጀርባ የተጻፉትን ሦስት መስመሮች አምኜ ጀመርኩ።

እሽጉ 30 ግራም የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ሲሆን የገዛሁት ከ10 ዶላር በላይ ከፍዬ ነው። ስከፍተው የወጣው መዓዛ ግን ገንዘቡን ሁሉ አስረሳኝ፤ ቡና ከብረት ምጣድ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው የሚሰጠው ሽታ ነበር፣ ከበስተኋላውም የተቆላ ለውዝና የኮኮዋ ጠረን ይከተላል። የእሽጉ መመሪያ እንዲህ ይላል፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጠው በቀለጠው ቸኮሌት ላይ ይጨምሩ፤ እንደ ጣዕምዎ ያስተካክሉ። 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት በእንፋሎት ላይ አቅልጬ፣ የእንቁላሉን ነጭ አረፋው እስኪቆም መትቼ፣ የበጠበጥኩትን ዋትል አፈሰስኩበት። ከማንኪያዬ እየተንዠረገገ ይወርድ የነበረው የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ ወዲያው ብርሃኑ ጠፋ፤ ሁለት ጊዜ ሳማስለው ወፈረ፣ በሦስተኛው ከሳህኑ ጥግ ለቆ እንደ ደረቀ ጭቃ ማንኪያዬ ላይ ተጠቀለለ።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ አንድም የተሰወረ ነገር የለበትም። የቀለጠ ቸኮሌት ማለት ደቃቅ የስኳርና የኮኮዋ ብናኝ በኮኮዋ ቅቤ ውስጥ የተንሳፈፈበት፣ ውሃ የሌለበት ነገር ነው። ጥቂት ውሃ ጠብ ሲልበት የስኳሩ ብናኝ ረጥቦ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ኮኮዋውንም ይዞ ይጓጉላል። ፈሳሹ በርከት ያለ ከሆነ ግን ስኳሩ ይሟሟና ቸኮሌቱ መልሶ ይላላል። ስለዚህ ቸኮሌትን የሚያበላሸው በትክክል ያ እሽጉ ያዘዘው “ጥቂት ሙቅ ውሃ” ነው። ይህንን እሽጉን ያሳተመው ድርጅት አያውቅም ብዬ ለማመን እቸገራለሁ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው፣ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሳይሞክረው እንዴት ተጻፈ?

ትኩስ ክሬም በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርኩ እንደምንም አላላሁት። እስከዚያው ድረስ ግን የተመታው የእንቁላል ነጭ አረፋው ሟሙቶ ከሥሩ ውሃ አቅርሮ ነበር፤ ሙሱም መንሳፈፍ ሲገባው እንደ ገንፎ ከብዶ ረጋ። በማግሥቱ ልጄ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጎርሳ ዝም አለች፤ ከዚያ ጓደኞቿ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “እማዬ፣ አሸዋ አለው” አለችኝ። እውነቷን ነበር። የዋትል ዱቄት እንደ ቡና ዱቄት ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ መዓዛውንና ቀለሙን ይለቃል እንጂ አይሟሟም። በሙቅ ክሬም ተዘፍዝፎ፣ ጣዕሙን ከሰጠ በኋላ አተላው መጥለል ነበረበት። ቡናን ከነአተላው ጠጡ ብሎ የሚጽፍ አለ?

“እንደ ጣዕምዎ ያስተካክሉ” የሚለው አባባል በተለይ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሙስ እየቀመሱ የሚያስተካክሉት ምግብ አይደለም። ወጥ ሲሠራ ጨው ቢያንሰው ይጨመራል፣ በርበሬው ቢበረታ ትንሽ ውሃ ጠብ ይደረጋል፣ ድስቱ እሳት ላይ እስካለ ድረስ ሁሉም ይታረማል። ሙስ ግን አረፋው ከቸኮሌቱ ጋር አንዴ ከተዋሃደ በኋላ ማንኪያ በገባበት ቁጥር አየሩ እየወጣ ይሰምጣል። በዚያ ላይ ሲሠራ ለብ ያለ፣ ሲበላ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ የቀዘቀዘ ነው፤ ቅዝቃዜ ጣፋጭነቱን ያደክመዋል፣ የተውነው ዱቄት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መራራነቱን እየለቀቀ ያድራል። ማታ የቀመስኩትና ጠዋት የቀረበው አንድ አይደሉም። እንዲህ ላለ ምግብ ልኩ አስቀድሞ ካልተነገረ የጣዕም ነፃነት ተሰጠን ማለት አይቻልም።

ልኩ ሲነገርም የሚነገረው በማንኪያ ነው፤ ማንኪያውም የየት አገር እንደሆነ አይገለጽም። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ይይዛል። የአሜሪካው ግን 15 ሚሊ ሊትር፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው። በዚህ አገር ሱቅ ከውጭ የመጡ የ15 ሚሊ ሊትር መስፈሪያዎችም ይሸጣሉ፤ እኔ ቤት ያለው አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ነው። ለዱቄት ወይም ለስኳር ልዩነቱ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ቁንጥሩ ምግቡን ለሚያነሣና ለሚጥል ቅመም ግን የሲሶ ጭማሪ ትልቅ ስሕተት ነው። 8 ግራም ወይም 10 ግራም ብሎ መጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል?

ይህን ክፉኛ ያስተማረኝ ሌመን ሜርትል ነው። ሌመን ሜርትል በኩዊንስላንድ የዝናብ ደኖች የሚበቅል ዛፍ ሲሆን ቅጠሉ ከሎሚ የበለጠ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ዘይቱ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ሲትራል የተባለው የሎሚ ጠረን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነውና። እንደ ሎሚ ጭማቂ አሲድ ስላልሆነ ክሬሙን አይቆርጠውም፤ ለነጭ ቸኮሌት ሙስ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ነገር ግን ያገኘሁት የአሠራር ጽሑፍ ከክሬሙ ጋር “ይፍላ” ስላለኝ አፈላሁት፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አይናገርም። የወጣው ጣዕም የልጅነቴን ጉንፋን አስታወሰኝ፦ እናቴ የባህር ዛፍ ቅጠል በብረት ድስት አፍልታ፣ ብርድ ልብስ ጭንቅላቴ ላይ ጥላ ስታጥነኝ የነበረውን። ሌመን ሜርትልና ባህር ዛፍ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው፤ ባህር ዛፍም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣው ከዚሁ ከአውስትራሊያ ነው። የሎሚው ጠረን በሙቀት ብዛት ሲተንን ያ የመድኃኒት ጣዕም ገንኖ ይቀራል። ክሬሙን ከእሳት አውርዶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ነስንሶ፣ ከድኖ አሥር ደቂቃ መተው ይበቃው ነበር። ሁለት ጊዜ ነጭ ቸኮሌት ደፍቼ ያገኘሁት እውቀት ይህ ብቻ ነው። ስትሮቤሪ ገም የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ እሱ ራሱ የባህር ዛፍ ዓይነት ሆኖ ቅጠሉ እንጆሪ ይሸታል፣ ሲፈላ ግን ወደ ወገኑ ይመለሳል። የታዝማኒያው ፔፐርቤሪ የሚባለው ቅመም ደግሞ ምላስ ላይ ሲያርፍ ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ የሚያቃጥል ነው፤ ስለዚህ የሚቀምሰው ሰው አልበቃ ብሎት ይጨምራል።

ስለ መጠን ያልኩትን ልተወውና ስለ ስም ላንሣ፤ ይህ ከመጠኑም የባሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። እሽጉ ላይ የተጻፈው “የዋትል ፍሬ” የሚል ብቻ ነው። በአውስትራሊያ 1000 ገደማ የዋትል ዝርያዎች አሉ፤ ለምግብ የሚሆኑት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ሲሆኑ መርዛማም አለባቸው። በገበያ በብዛት የሚሸጠው አካሺያ ቪክቶሪዬ የሚባለው ነው፤ እኔ የገዛሁት እሱ ይሁን ሌላ ግን ከእሽጉ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህም አንዱ እሽግ ቡና ቡና ሲል ሌላው የተቃጠለ ባቄላ ይመስላል፤ ባለፈው የሠራልኝ መጠን በሚቀጥለው ይከዳኛል።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ከኢንጅባራ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት ቤቴ ቡና ሲጠጡ በመስኮት መናፈሻው ውስጥ ያበበውን ዋትል አይተው “ይኼማ የእኛ ዲከረንስ ነው፤ ከሰሉ የሚከሰልበት! እዚህ ድረስ መጣ እንዴ ልጄ?” አሉኝ። “እትዬ፣ አገሩስ እዚህ ነው፤ እኛ ዘንድ ነው የሄደው” ብላቸው ተገረሙ። በአዊ ገበሬው የሚተክለው አካሺያ ዲከረንስ በእርግጥም የአውስትራሊያ ዋትል ነው። “ታዲያ ፍሬው ይበላል?” ብለው ሲጠይቁኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። ማድ ቤቴ ውስጥ የዋትል ፍሬ የሚል እሽግ ተቀምጦ፣ ከደጃፌ ያለው ዋትል ይበላ አይበላ እሽጉ አይነግረኝም። ሰው አምኖ ለቅሞ ቢቆላው ተጠያቂው ማን ነው? የዕፅዋት ሊቃውንት እኮ አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ ይሁን ለአፍሪካዎቹ ግራሮች በሚል ብዙ ተከራክረውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና ስሙ ለአውስትራሊያዎቹ ተወስኖ በ2011 እዚሁ ሜልበርን በተደረገው ጉባኤ ጸንቷል፤ የእኛዎቹ ግራሮችም ቫኬሊያና ሴኔጋሊያ ወደተባሉ ስሞች ተዛውረዋል። ሊቃውንቱ ይህን ያህል የተሟገቱበትን ስም በ30 ግራም ከረጢት ላይ በአንድ መስመር መጻፍ እንዴት ይከብዳል?

የሰዎቹም ስም የለም። ይህን ፍሬ ከየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ወር እንደሚለቀም፣ በፍም ላይ እንዴት እንደሚቆላ፣ በወፍጮ ድንጋይና በመጅ እንዴት እንደሚፈጭ ያወቁት የዚህ ምድር ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ዛሬም በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ ለገበያ የሚለቅሙት ነባር ሴቶች አሉ። በእሽጉ ላይ የሚያምር የነጥብ ሥዕል አለ፤ የለቃሚዎቹ አገርና ሕዝብ ግን አልተጠቀሰም። ልኩ የጠፋውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ዕቃው ከሚያውቁት እጅ ተለይቶ ሲመጣ አሠራሩ ወደኋላ ይቀራል። የማካዳሚያን ታሪክ ተመልከቱ፦ የኩዊንስላንድና የሰሜን ኒው ሳውዝ ዌልስ ደን ፍሬ ሆኖ ሳለ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሃዋይ ተወስዶ እዚያ በሰፊው ስለለማ ብዙ ሰው የሃዋይ ፍሬ ያደርገዋል። ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ድረስ ማመልከቻ አስገብታ መሟገት ነበረባት። የቡና ልጆች ነንና ስም ከከረጢት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚከተል እኛ ልንዘነጋው አይገባም።

ይህን ሳነሣ አንዳንድ ወዳጆቼ “እየሞከርሽ ትለምጂዋለሽ፣ ምግብ እንዲሁ ነው” ይሉኛል። በሽሮ ቢሆን እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድ ቶን ኮኮዋ ዋጋ በዓለም ገበያ ከ10,000 ዶላር ካለፈ በኋላ ጥሩ ቸኮሌት በእኛ ሱቅም ምን ያህል እንደተወደደ የሚገዛ ያውቀዋል። አንድ የከሸፈ ሙስ ቸኮሌቱ፣ ክሬሙ፣ እንቁላሉና ቅመሙ ሲደመር በብዙ ቤት የአንድ ቀን አስቤዛ ነው። አሳታሚው አንድ ጊዜ ሞክሮ ሊጽፈው የሚችለውን እያንዳንዷ እናት በየቤቷ በገንዘቧ እየደፋች እንድትማረው መደረጉ ትክክል አይደለም። ለሻጩ ጽፌ የዛፉን ዝርያና የሚበቃውን ግራም ጠይቄ ነበር፤ የመጣልኝ መልስ ስለፍላጎቴ የሚያመሰግንና ሌሎች ምርቶቻቸውን የሚያስተዋውቅ ነው።

ለእንቁጣጣሽ እንደገና ሠራሁት። 300 ሚሊ ሊትር ክሬም ለካሁ፤ 100ውን አሙቄ በውስጡ 8 ግራም የዋትል ዱቄት ሃያ ደቂቃ ዘፈዘፍኩና በስስ ጨርቅ አጠለልኩት። እንደገና አሙቄ በ200 ግራም የተከተፈ ቸኮሌት ላይ በአንድ ጊዜ አፈሰስኩት፤ ሳይጓጉል ቀለጠ፣ አብረቀረቀ። ለብ ሲል የሦስት እንቁላል ነጭ አረፋና ለስለስ ብሎ የተመታውን ቀሪ ክሬም ከታች ወደ ላይ እየገለበጥኩ አዋሃድኩት። ልጄ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጎርሳ አሁንም ዝም አለች፤ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። እሷ ስትበላ እስክሪብቶ አንሥቼ፣ ከእሽጉ ጀርባ የታተሙትን ሦስት መስመሮች ሰርዤ፣ ከሥራቸው “8 ግራም፣ በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ክሬም፣ 20 ደቂቃ፣ ይጠለል” ብዬ ጻፍኩበት። የዛፉን ስም የምጽፍበትን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።