የተማረች ትግደለኝ የሚል የለም

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር አንድ የምርቃት ድግስ ላይ ነበርኩ። የቤቱ ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቃ እልል ተብሎላታል። ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ነው ክርክሩ የተነሳው።

የጀመሩት ጋሼ የምንላቸው ነጋዴ ናቸው። «ሴቶቹ እኮ ቀደሙን! ዩኒቨርሲቲውን ሞሉት፣ ባንኩን ሞሉት። አሁን ማነው ሴት አልተማረችም የሚለው? ሕዝባችን ድሮም የተማረ ይግደለኝ የሚል ነው» አሉ።

ከጎኔ ያለችው መምህርት ስኒዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እርስዎ ባንክ ያዩዋቸውን ነው የቆጠሩት» አለች። በ2008 ዓ.ም. የተደረገውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አነሳች። በአገር ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 48 በመቶው ምንም መደበኛ ትምህርት አላገኙም። ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ሕጉ ጋብቻን 18 ዓመት ቢልም፣ አማራ ክልል ሴት ልጅ በጊዜ ከሚዳርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

«እሱ የገጠሩ ነው፣ የገጠሩን ተይው» አሉ ጋሼ። የክልሉ ሕዝብ አብዛኛው ገጠር ነው። እሱን ትተው ማንን ሊቆጥሩ እንደሆነ አልነገሩንም። ቀጥለው ደግሞ «ትምህርት ቤት እንደሁ በየቀበሌው ተሠርቷል፣ የተማረ ይግደለኝ ያለ ሕዝብ ልጁን አይከለክልም» አሉ።

መምህርቷ ያን ጊዜ ተናደደች። የምታስተምረው ወረዳ ከተማ ነው፣ ነገሩን በየቀኑ ታየዋለች። አንደኛ ደረጃው ቅርብ ነው። ሁለተኛ ደረጃው ግን ከተማ ነው፣ ከብዙ ቀበሌ የግማሽ ቀን መንገድ። ወንዱ ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ ቤት ይከራያል። ቅዳሜ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን ተሸክሞ እሑድ ማታ ይመለሳል። ለሴቷ ሲሆን «ማን ይጠብቃታል? መንገድ ላይ ቢይዟትስ?» ይባላል። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም፣ የደረሰባቸው አሉ። ከወንድሟ ጋር ከተከራየች ደግሞ ወጥ ሠሪዋም ልብስ አጣቢዋም እሷ ናት። እሱ ሲያጠና እሷ ከሰል ታቀጣጥላለች። ፈተና ላይ ስትወድቅ «አልገባትም» ይሏታል። ስምንተኛ ላይ የቀረችዋ ቤት ስትቀመጥ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል።

ጋሼ ሌላ መልስ አልነበራቸውም። «ቢሆንም የተማረ ይግደለኝ…» ብለው ሲጀምሩ መምህርቷ አቋረጠቻቸው። «ጋሼ፣ የተማረች ትግደለኝ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?»

ቤቱ ዝም አለ። እኔም ይህን አባባል ስሰማ ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ለካ አባባሉ ራሱ ስለ ወንድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት የወንዶች ነበር። የሴቶቹ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እስኪከፈት ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። እናቴ ስሟን መጻፍ የቻለችው በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እስከዚያ በጣቷ ነበር የምትፈርመው። ሰፈሩ ግን ያኔም የተማረ ይግደለኝ ይል ነበር።

እውነቱ ከመምህርቷ ጋር ነው። እኔን ያሳመመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንድ እንግዳ ተመራቂዋን ጠርቶ መጀመሪያ የጠየቃት «ስንት ይከፍሉሻል?» ብሎ ነው። ምን ተማርሽ ያላት የለም። መምህርቷን ደግሞ «በዚህ ደሞዝ እንዴት ትኖሪያለሽ?» እያሉ ሲያዝኑላት አመሹ። የምትለው ነገር ግን ማንንም አላስጨነቀም። ዘመኑ እንዲህ ሆኗል። መሬት የሸጠ፣ መኪና ያስገባ ሰው ሲናገር ይደመጣል፤ ዕድሜውን ጥቁር ሰሌዳ ፊት የጨረሰ ሰው ይታዘንለታል። ልጆቻችንም ይህንን እያዩ ነው የሚያድጉት።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የአክስቴ የልጅ ልጅ ሰባተኛ ክፍል እያለች ነው የተዘጋባት። ደብተሮቿን በፌስታል አስራ ቆጥ ላይ አስቀምጣለች። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ገባ። አባቷን ደውዬ ብለምነው «ትምህርት ቤት የለ፣ ቤት ተቀምጣ ምን ትሁን?» አለኝ። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። ለሽማግሌዎቹ ገና መልስ አልሰጡም።