ሽማግሌ ሲገባ

በደብረ ብርሃን የማታ ብርድ የቤት ሥራ መሥራት ራሱን የቻለ የትዕግሥት ፈተና ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ እግሯን ከአያቷ የመንዝ ባና ሥር ወሽቃ፣ የግብረ ገብ መጽሐፏን፣ ማለትም የእኔን ስልክ፣ ከፈተች። የታተመው መጽሐፍ ስላልደረሳት መምህሯ ገጹን ፎቶ እያነሡ በቴሌግራም ይልካሉ፤ በቤታችን ትምህርት የሚያልቀው ደወል ሲደወል ሳይሆን ባትሪ ሲያልቅ ነው።

«ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ አነበበች።

«ይኼማ የእኔ ትምህርት ነው!» አሉ አባቴ፣ የገብስ ቆሏቸውን ወደ ጎን አድርገው። ግብረ ገብን በጃንሆይ ዘመን ስለተማሩ መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ብድግ ትያለሽ፣ እጅ ትነሺያለሽ፣ ወንበር ትለቂያለሽ።» በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 8 ዓመት ሆኖ የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ ወደ 6 ዝቅ ብሎ፣ 6፣ 2፣ 4 የሚባለው የድሮው አከፋፈል ከተመለሰ ወዲህ፣ አባቴ ትምህርት ሚኒስቴር በድብቅ እሳቸውን የሚያማክር ይመስላቸዋል።

በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት የተማረው ታላቅ ወንድሜ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው አይደለም። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የሽማግሌው መደብ ይጣራ» አለ። በእሱ ክፍል ለባላባት ብድግ ማለት ጨዋነት ሳይሆን አድኃሪነት ነበርና፣ ሽማግሌው ጭቁን ገበሬ መሆኑ ሳይረጋገጥ ከወንበር መነሣት ያስገመግም ነበር። አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ «የእኔንስ መደብ አጣርተህ ነው እንጀራዬን የበላኸው?» አሉት።

እኔ ደግሞ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትውልድ ነኝ። ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ ተነሥተው ዕውቀትን እስከ መሻት የሚደርሱትን 11 እሴቶች ዛሬም በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ከመካከላቸው ቁጠባ የሚለውን ባለቤቴ ባትሰማ እመርጣለሁ። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በፕላዝማ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጻ የመጣችው የፕላዝማ መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና፣ እኛ ገና ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብላን ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ስለ ዴሞክራሲ የተማርሁት፣ እጄን ባወጣ ከማታየኝ፣ ብጮህ ከማትሰማኝ ሴት ነው ማለት ነው። ቢሆንም የተማርሁትን አልደበቅሁም፤ ልጅቷ በወንበሩ የመቀመጥ መብት እንዳላት፣ ሽማግሌውም የመከበር መብት እንዳላቸው፣ መብትና ግዴታ የማይነጣጠሉ በመሆናቸውም ጉዳዩ ውይይት እንደሚያስፈልገው በሰፊው አብራራሁ።

«እና ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች ልጄ፣ የእርሳሷን ጫፍ እያኘከች።

የሰማት አልነበረም። አባቴ እጅ አነሣሥን ለማሳየት ባናቸውን ጥለው ተነሥተዋል፣ ወንድሜ የንዑስ ከበርቴን ጠባይ እየተነተነ ነው፣ እኔም አምስተኛው እሴት ላይ ደርሻለሁ። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸና መጽሐፉ ከነጥያቄው ከፊታችን ተሰወረ። የደወሉት በሰፈሩ በዕድሜ አንጋፋ የሆኑት የዕድራችን ዳኛ ናቸው።

«ኧረ እባካችሁ በሩን ክፈቱልኝ» አሉ። «ከቅድም ጀምሮ እያንኳኳሁ በውርጭ ደረቅሁ እኮ!»