የሪሞቱ ኦኬ ለምን የኪቦርዴን ኢንተር ይሆናል?

ሦስት ሌሊት። ለአንድ በተን ሦስት ሌሊት! ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

እናቴ እጇ ይንቀጠቀጣል። ማውስ መያዝ አቅቷታል። ጠቋሚውን ወደ አንዲት ትንሽ ምልክት ለማድረስ ስትሞክር ታልፈዋለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ታልፈዋለች። በመጨረሻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች። ያንን ዝምታ ማየት አልችልም። ስለዚህ የኮምፒውተር ሪሞት ገዛሁላት። መቀበያውን ዩኤስቢ ላይ መሰካት ብቻ ነው። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር። መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ኦኬ ስትጫነው የልጅ ልጆቿ ቪዲዮ ይጀምር፣ ደግማ ስትጫነው ይቁም። በቃ።

ገና በመጀመሪያው ቀን እጇ አጠገቡ ያለውን የማጥፊያ በተን ነካው። ኮምፒውተሩ ተኛ። «አበላሸሁት እንዴ?» አለችኝ ደንግጣ። ምንም አላበላሸሽም እማዬ! ጥፋቱ ያንን በተን እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠው ሰው ነው። ይሄኛው እንኳን ቶሎ ተፈታ። ዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያው ውስጥ የእንቅልፍ በተን ሲነካ ምንም እንዳያደርግ ማዘዝ ይቻላል።

ከዚያ ወደ አውቶሆትኪ ሄድኩ። ለማያውቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በአጭር ስክሪፕት፣ ማለትም በትእዛዝ ጽሑፍ፣ «ይህ ቁልፍ ሲነካ ያንን አድርግ» ይባላል፣ ያደርጋል። ብሶቴ በእሱ አይደለም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። የቤት ምልክት ያለበት በተን ብሮውዘር ይከፍት ነበር። አንድ መስመር ጻፍኩና የእናቴን የቪዲዮ ፎልደር እንዲከፍት አደረግኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሌላውም እንዲህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት በአሮጌ ስክሪፕት አለቀ። የፕሮግራሙ ሁለተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሲወጣ አጻጻፉ ተቀይሯል። ድሮ ከትእዛዙ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ተደርጎ በቀጥታ ይጻፍ የነበረው ጽሑፍ፣ አሁን በጥቅስ ምልክት ውስጥ መግባት አለበት። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምሳሌ ግን አብዛኛው የድሮው ነው። ትገለብጣለህ፣ ስህተት ይላል። ሌላ ትገለብጣለህ፣ ስህተት ይላል። እሺ፣ ይህም ይሁን። ተማርኩ፣ አስተካከልኩ።

ሁለተኛው ሌሊት ነው ደሜን ያፈላው። ትልቁን ኦኬ «አጫውት ወይም አቁም» ወደሚለው ቁልፍ ቀየርኩት። ሞከርኩት። ሰራ! እናቴ እንኳን ሳቀች። ከዚያ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። አንድ አንቀጽ ጨርሼ ኢንተር ስነካ አዲስ መስመር የለም። ከጀርባ ተከፍቶ የነበረው ቪዲዮ ጮኸ። ደግሜ ነካሁ፣ ቆመ። ደግሜ ነካሁ፣ ጮኸ።

ለካ ሪሞቱ ኦኬ ሲጫኑት የሚልከው ተራውን ኢንተር ኖሯል። ያው የኪቦርዱን ኢንተር፣ ያንኑ ኮድ። ዊንዶውስ ለስክሪፕቱ «ኢንተር ተነካ» ብቻ ነው የሚለው። ከሪሞት ይምጣ ከኪቦርድ አይነግረውም። አውቶሆትኪ ብቻውን ሁለቱን መለየት አይችልም። መለየት የሚፈልግ ሰው ድራይቨር ድረስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመሣሪያዎች ጋር እስከሚነጋገርበት ክፍል ድረስ፣ የሚገባ ሌላ ፕሮግራም መጫን አለበት። ለአንድ በተን ብዬ የእናቴ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ድራይቨር ላስገባ? አላደርገውም።

ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ነው። ስክሪፕቱ ላይ «ይህ የሚሰራው የቪዲዮ ማጫወቻው መስኮት ፊት ላይ ሲሆን ብቻ ነው» የሚል ሁኔታ ጨመርኩ። አሁን ደብዳቤዬን እጽፋለሁ። ግን ማጫወቻው ውስጥ የፋይል ስም ፈልጌ ኢንተር ስነካ ያው ነው፣ ቪዲዮው ይቆማል። በአስተዳዳሪ ፈቃድ የተከፈተ ፕሮግራም ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ፣ ስክሪፕቱ ራሱ በዚያው ፈቃድ ካልተከፈተ በስተቀር ዝም ይላል።

ሦስተኛው ሌሊት የሜኑ በተን ነበር። አውቶሆትኪ የተነኩ ቁልፎችን መዝግቦ የሚያሳይበት መስኮት አለው። የድምፁን በተን ስጫን ይመዘግባል። ቀስቶቹን ስጫን ይመዘግባል። ሜኑን ስጫን ምንም። ጫንኩ፣ ጫንኩ፣ አውራ ጣቴ እስኪታመም ጫንኩ። መስኮቱ ባዶ ነው። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ። ያ በተን እንደ ኪቦርድ አይናገርም። በሌላ ዓይነት መልእክት ነው የሚልከው፣ ዊንዶውስም ወደ ቁልፍ አይተረጉመውም። ለመስማት ከመሣሪያው የሚመጣውን ጥሬ መልእክት የሚያነብ ሌላ ስክሪፕት ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የት ተጽፏል? ከሪሞቱ ጋር የመጣችው ወረቀት ላይ ባትሪ እንዴት እንደሚገባ በሥዕል አለ። የትኛው በተን ምን እንደሚልክ አንድ መስመር የለም።

አምራቾቹ ለምን ኢንተር እንደሚልኩ ይገባኛል። ሰው ገዝቶ እንደሰካው እንዲሰራ ነው። ትክክል ናቸው። ግን ሌላ መንገድ አለ። ኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 የሚባሉትን ቁልፎች ሁላችንም እናውቃለን። ዊንዶውስ ከኤፍ 13 እስከ ኤፍ 24 ያሉትንም ያውቃል። አውቶሆትኪም ያውቃቸዋል። ተራ ኪቦርድ ላይ ደግሞ የሉም! አሥራ ሁለት ባዶ ቁልፎች፣ ከማንም ጋር የማይጋጩ። ሪሞቱ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ቢያደርጉና ወዲህ ስትሆን ኢንተር፣ ወዲያ ስትሆን ኤፍ 13 ቢልክ፣ የእኔ ሦስት ሌሊት በአንድ መስመር ያልቅ ነበር።

ድሮ ለዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተር፣ ለዊንዶውስ የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም፣ በተሠሩት የኢንፍራሬድ ሪሞቶች ላይ ቢያንስ የትኛው በተን ምን እንደሚሆን የሚወስን ሰንጠረዥ ነበር። ሬጅስትሪ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ገብቶ ለእያንዳንዱ በተን ሰባት ባይት (ሰባት የኮድ ቁጥር) ማስተካከል ነው። አድካሚ ነው፣ አልክድም። ግን በተኑ ገና ከምንጩ፣ ቁልፍ ከመሆኑ በፊት ይቀየር ነበር። አሁን ያንን እንኳን ነፈጉን። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ፣ እጄ ላይ ያለ በተን፣ ምን እንደሚል እንኳን አይነገረኝም።

እናቴ ዛሬም ኦኬውን እየተጫነች ቪዲዮዋን ታያለች። ሜኑውን ግን ስትጫነው ምንም ስለማይሆን «ይሄኛው ምንድነው?» ትለኛለች፣ መልስ የለኝም። ድራይቨር ሳይጭን የሪሞትን ኢንተር ከኪቦርድ ኢንተር የለየ፣ ወይም በተኖቹ በኤፍ 13 የሚናገሩ ሪሞት ያገኘ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ።