የአጭር ሚዜ ተፈላጊነት

ባለፈው ጥር ሦስት ሙሽሮች ለሚዜነት ሲመርጡኝ ጠባዬን ወደውት መስሎኝ ነበር። እውነቱ የተገለጠልኝ በሦስተኛው ሰርግ፣ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለፎቶ በተሰለፍንበት ሰዓት ነው። ፎቶ አንሺው ረጅሙን ሚዜ «አንተ ወንድሜ፣ እስቲ ወደ ኋላ ራቅ በል» ካለው በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ግን ከሙሽራው እንዳትለይ» አለኝ። ፎቶው ሲወጣ 1 ሜትር ከ66 የሆነው ሙሽራ ከ1 ሜትር ከ58ቱ ከእኔ ጎን ዋርካ አክሎ ታየ።

ይህ ዘዴ ከሙሽሮቻችን በፊት በወረቀት ላይ ታውቋል። ስለ መርሳት ባደረገው ጥናት በሚታወቀው በጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ስም በሚጠራው ሥዕል፣ አንድ ክብ በትንንሽ ክቦች ሲከበብ ሰፍቶ፣ በትልልቆች ሲከበብ ደግሞ ጠብቦ ይታያል። ዓይን ብርሃኑን ተቀብሎ፣ ወደ ነርቭ ምልክት ቀይሮ ወደ አንጎል ይልካል እንጂ መጠን አይለካም፤ አንጎልም አንድን ነገር ለብቻው ከመመዘን ይልቅ ከአጠገቡ ካለው ጋር እያስተያየ ይገምታል። በዚህ ረገድ የልጃቸውን ውጤት ከጎረቤት ልጅ ውጤት አጠገብ ሳያስቀምጡ ማየት ከማይችሉት ከሰፈራችን እናቶች ብዙም አይለይም። የሚያናድደው ደግሞ ማወቅ የማይፈውሰው መሆኑ ነው፦ ክቦቹን በማስመሪያ ለክቼ እኩል መሆናቸውን ባረጋግጥም፣ ማስመሪያውን ባነሳሁ ቁጥር አንደኛው ተመልሶ ያብጣል።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነና ሰርጌ ለጥር ተቆረጠ። ልብስ ሰፊዬ «ያስረዝምሃል» ብሎ ቁልቁል መስመር ያለው ሱፍ መረጠልኝ፤ እይታ ሳናውቀው የምንደርስበት ድምዳሜ ነው ያለው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኸርማን ቮን ሄልምሆልትዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1867 ባወጣው መጽሐፉ፣ አግድም በተሰመሩ መስመሮች የተሞላ አራት ማዕዘን ረዝሞና ቀጥኖ እንደሚታይ ጽፏል። ይህን ስነግረው ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ «እሱ ስንት ሙሽራ አልብሷል?» አለኝ።

ስለዚህ ተስፋዬን በሚዜ ላይ ጣልኩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከእኔ በአራት ጣት የሚያጥር የሰፈር ልጅ አግኝቼ ቡና ጋበዝኩትና ጠባዩን እጅግ እንደምወደው ነገርኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ለጥር ሁለት ሰርግ ይዣለሁ ወንድሜ፤ እነሱም ጠባዬን ወደውት ነው» አለኝ።