ዘጌም ይሂዱ

ስለ ሰማዕታት ሥዕሎች ምልክቶች የጻፉት ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ እጅዎ ይባረክ። መስቀልና አክሊል አብረው የሚሣሉት መከራን የታገሠ ሰማያዊ ክብር ያገኛል ለማለት መሆኑን በደንብ አስረድተዋል። ራእይ 2፥10ን መጥቀስዎም ልክ ነው። ግን ምሳሌዎቹ ሁሉ የአውሮፓ ሆኑብኝ። መንኮራኩር የያዘችው ሰማዕቷ ካትሪን፣ ዓይኖቿን በሳህን የያዘችው ሰማዕቷ ሉሲ... ጎጃምስ?

ጣና ሐይቅ ላይ፣ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይግቡ (ሴቶችም ይገባሉ፤ የማይፈቀድላቸው ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ነው)። መቅደሱ ዙሪያውን ሥዕል ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ይፈልጉ። በአንድ እግራቸው ቆመው ይጸልያሉ፤ ሌላው እግራቸው ተቆርጦ ወድቋል፤ ከጀርባቸው ክንፍ ወጥቷል። ገድላቸው ሰባት ዓመት በአንድ እግር ቆሙ፣ ስድስት ክንፍም ተሰጣቸው ይላል። ጥር 24 ስባረ ዐጽማቸው፣ ማለትም እግራቸው የተሰበረበት ቀን፣ ይታሰባል። ሠዓሊው ቁስሉንና ክብሩን አንድ ገላ ላይ ነው ያሳየን። ለእኔ ይሄ ከአክሊሉ ይበልጣል።

ደግሞ ፊቶቹን ልብ ይበሉ። በአሣሣላችን ወግ ጻድቃንና ሰማዕታት ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ገራፊው፣ ሰይጣኑ፣ ይሁዳ ግን በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ስለዚህ ሰማዕቱ ገና እየተገረፈ ማን እንዳሸነፈ ይታወቃል።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። «ድሃም ችሎ ይኑር፣ በሰማይ ይካሳል» ያሉት ከእነዚህ ሥዕሎች አይወጣም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት መከራውን በጸሎት ወደው የገቡበት ነው። ጊዮርጊስም ለጣዖት አልሰግድም ብሎ ንጉሥ ፊት ቆመ እንጂ ዝም አላለም። በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ይህቺን ቢያስተካክሏት ደስ ይለኛል።